ስድስት ቆጥሬ ነው የምገባው

ዲጄ ነኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሰርግ ነው። «ሰርግ በስንት ትሠሪያለሽ?» ሁለተኛው ጥያቄ ምን ዓይነት ዘፈን እንደማጫውት ነው፣ ነገር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። «የአፍሪካና የዲያስፖራ የጭፈራ ሙዚቃ» እላለሁ። ጎንደር ውስጥ ዲያስፖራ ማለት ለጥምቀት ከአሜሪካ የሚመጣ አጎት ነው። ነጭ ጫማ፣ ትልቅ ሻንጣ፣ ፋሲል ግንብ በር ላይ ፎቶ። አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ «አሃ፣ ለዲያስፖራዎቹ ነዋ የምታጫውቺው፣ ታዲያ በዶላር ይከፍሉሻል?» ብሎ ጠይቆኛል። ምነው በከፈሉኝ።

እኔ የምለው ዲያስፖራ ሌላ ነው። ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱ ሰዎች፣ ወይም እንጀራ ፍለጋ ወጥተው በዚያው የቀሩ፣ እነሱና ልጆቻቸው በሄዱበት አገር የሠሩት ሙዚቃ ነው። ያ ሙዚቃ ደግሞ ዞሮ ወደ አህጉሩ ይመለሳል፤ ተመልሶም ሌላ ይወልዳል። ሃውስ የሚባለውን የክለብ ሙዚቃ እዩት። ብዙ ሰው የፈረንጅ ነገር ይመስለዋል። የጀመሩት ግን የቺካጎ ጥቁሮች ናቸው። ፍራንኪ ናክልስ እ.ኤ.አ. በ1977 ዌርሀውስ የሚባል ክለብ ውስጥ ማጫወት ጀመረ፤ «ሃውስ» የሚለው ስምም ከክለቡ ስም ተቆርጦ የቀረ ነው ይባላል። ሙዚቃው ደቡብ አፍሪካ ገባና የሶዌቶ ልጆች ፍጥነቱን ቀንሰው በራሳቸው ቋንቋ ዘፈኑበት፣ በ1990ዎቹ ክዋይቶ ሆነ። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ የጆሃንስበርግና የፕሪቶሪያ ሰፈሮች ከክዋይቶና ከዲፕ ሃውስ አማፒያኖን አወጡ። ቃሉ በዙሉ «ፒያኖዎች» እንደማለት ነው። ከአንጎላ፣ ከሉዋንዳ የወጣው ኩዱሮ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃም ፖርቱጋል፣ ሊዝበን ደርሶ የአንጎላ፣ የኬፕ ቨርዴና የሳኦቶሜ ስደተኞች ልጆች እጅ ገባ፤ እነሱም ቤታቸው ቁጭ ብለው በኮምፒውተር ሌላ ነገር አደረጉት።

ይሄን ሁሉ መጀመሪያ ያጫወትኩ ቀንም አውቀው ነበር። ምንም አልጠቀመኝም።

ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ላውንጅ ነው። ባለቤቱ ቅዳሜ ማታ የሁለት ሰዓት ጊዜ ሰጠኝ። ሦስት ወር ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ምን ላይ እንደተዘጋጀሁ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ማንም የማያውቀው ዘፈን መፈለግ ላይ። ጎንደር ውስጥ ያልተሰማ፣ አዲስ አበባም ያልደረሰ፣ ከተቻለ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው የረሱት። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ውስጥ የሚሠራ አንድ ሙዚቃ አለ፤ ስሙ ምላስ የሚጮህበት ድምጽ ስላለው በፊደላችን ልክ አይጻፍም፣ እኔ ጎም እለዋለሁ። ጨለም ያለ ነው። ከበሮው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እየተሰበረ ነው የሚመታው። ቤት ውስጥ በሄድፎን ስሰማው ሰውነቴን ይነዝረኛል። እሱን ከፈትኩት።

አንደኛው ዘፈን ሲያልቅ ቆሞ የነበረው ሰው ተቀመጠ። ሁለተኛው ሲያልቅ የተቀመጠው ሰው ሂሳብ ጠየቀ። በሦስተኛው ላይ አንድ ትሁት ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ይቅርታ፣ ስፒከሩ ተበላሽቶ ነው?» አለኝ። እየቀለደ አይደለም። ሊረዳኝ ነው የመጣው፤ ገመዱን ሁሉ ነካ ነካ አድርጎልኛል።

ደንግጬ አንድ የድሮ የጎንደር ዘፈን ለቀቅኩ። ወዲያው ቤቱ በሙሉ ቆመ። አስተናጋጇ ሳትቀር ትሪውን አስቀምጣ ትከሻዋን ትሰብቀዋለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ያውም በሰዎቹ። «አይገባቸውም» እያልኩ ባጃጅ ውስጥ እስከ ቤቴ ድረስ ሳጉረመርም ሄድኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ያስተካከለኝ አጎቴ ነው። ስለ ዲጄ ሥራ አንድም ነገር አያውቅም፤ አዝማሪ ቤት ግን ይወዳል። ታሪኩን ስነግረው ከትከት ብሎ ሳቀና «ነገ ከኔ ጋር ትሄጃለሽ። ስልክሽን አታወጪም። ዘፈኑንም ተይው። የሰውየውን ዓይን ብቻ እያየሽ ታመሻለሽ» አለኝ።

ሄድኩ። ጎንደር የአዝማሪ አገር ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቡርቧክስ መንደሩ ራሱ የሚታወቀው በአዝማሪዎቹ ነው። ያን ቀን ያየሁት አዝማሪ መሲንቆውን ገና ሲቃኝ ዓይኑ በር ላይ ነበር። የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ ያያል፤ ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማን ጥቁር እንደለበሰ፣ ማን ጫማው አቧራ እንደጠገበ። አንድ ሰውዬ ጋቢውን ደርቦ ጥግ ላይ ተቀመጠ። አዝማሪው እየተጫወተ ጠጋ አለውና አገሩን ጠየቀው፣ ዜማውን ሳያቋርጥም ወደዚያው አገር አዞረለት። ማንንም ተነስ አላለም። ለረጅም ጊዜ ረጋ ብሎ ነው የሚጫወተው፤ ሰው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይወረውርለታል፣ እሱ ይቀበላል፣ እያጣመመ ይመልሳል፣ ቤቱ ይስቃል። እስክስታው የመጣው በመጨረሻ ነው። ሊመጣ ሲል ግን አየሁት። የዚያ የጥጉ ሰውዬ ትከሻ ጋቢው ስር ነቅነቅ አለ። ትንሽ። አዝማሪው ያቺን ሲጠብቅ ኖሯል፤ እሷን ካየ በኋላ ነው ምቱን የለቀቀው።

ከዚያ ወዲህ እኔም ትከሻ ነው የማየው። እግር ይዋሻል። ሰው ለጓደኛው ብሎ ይነሳል፣ ለቲክቶክ ብሎ ይዘላል። ትከሻ ግን ባለቤቱ ሳያዘው ነው የሚነሳው።

ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሰው ትልልቅ ስፒከር ደጅ ላይ ቆልሎ ሰፈሩን ያስጨፍራል፤ ሳውንድ ሲስተም ይሉታል። በነሱ አጠራር ዲጄ ማለት ዘፈን የሚመርጠው አይደለም፣ መራጩ ሴሌክተር ነው የሚባለው። ዲጄ ማይኩን ይዞ በሙዚቃው ላይ የሚያወራው፣ የሚያሞግሰው፣ ሸንቆጥ የሚያደርገው ነው። ይሄን ያወቅኩ ቀን የአጎቴ አዝማሪ ትዝ አለኝ። እሱ ሁለቱንም ብቻውን ነው የሚሠራው፤ ያውም በአንድ ክር። እናቴ ሥራዬን የሰማች ቀን «አዝማሪ ልትሆኝልኝ ነው?» ብላ አልቅሳለች። ስድብ ነበር፣ አንዋሽ።

አሁን ወደ ቆጠራው ልግባ። ሥራዬ በሙሉ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ከአንድ እስከ ስድስት ቁጠሩ፣ እየደጋገማችሁ። መጀመሪያ አንድና አራት ላይ አጨብጭቡ። ሁለት ጭብጨባ ሆነ አይደል? አሁን ቆጠራውን ሳትቀይሩ አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ አጨብጭቡ። ሦስት ሆነ። ፍጥነቱ ያው ነው፤ የተቀየረው እጃችሁ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። የኛ ችክችካ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ነው የሚሄደው። ሰርግ ላይ ልብ ብላችሁ እዩ፤ አጨብጫቢዎቹ ሁለቱን ይዘዋል፣ ከበሮው ሦስቱን ይነካካል፣ የጨፋሪው ትከሻ ደግሞ በሁለቱ መሃል እንደፈለገው ይመላለሳል።

ዘፈን የማቀላቅልበት ሶፍትዌር ይሄ አይገባውም። አንድ የጎንደር ዘፈን አስገባሁበትና 168 ቢፒኤም፣ በደቂቃ 168 ምት ማለት ነው፣ አለኝ። ሦስቱን ነው የቆጠረው። አማፒያኖ ብዙውን ጊዜ 112 አካባቢ ነው። ስክሪኑን ብቻ ካያችሁ ሁለቱ በጭራሽ አይገናኙም፤ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይንሸራሸራል። 168ን ለ1.5 አካፍሉት ግን። 112። ይሄን ያገኘሁት ከእኩለ ሌሊት በኋላ በስልኬ ካልኩሌተር ነው፣ ብቻዬን ሳቅኩ። ስንት ወር «አይገጥሙም» ብዬ የተውኳቸው ዘፈኖች እርምጃቸው አንድ ነበር።

እንዴት እንደማገናኛቸው ልንገራችሁ፣ ምስጢር አይደለም። ከጎንደሩ ዘፈን ከበሮና ጭብጨባ ብቻ የቀረበትን ቦታ እፈልግና አራት ዙር ሉፕ አደርገዋለሁ፣ እየተደጋገመ እንዲዞር። ቤዙን ኢኪው በሚባለው የድምጽ ማስተካከያ እቀንሳለሁ። በላዩ የአማፒያኖውን ሼከር ብቻ፣ ያንን ሽክ ሽክ የሚለውን፣ ቀስ አድርጌ አስገባለሁ። እዚህ ላይ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ አንዱ እርምጃውን ለሦስት ይከፍለዋል፣ ሌላው ለአራት። ግጭቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጥማል። ከዚያ ካለፈ ሽንኩርቱ ያረረበት ወጥ ነው። ስለዚህ ሰዉ ትከሻውን ሳያወርድ ጭብጨባውን አጠፋና ሎግ ድራሙን እለቀዋለሁ፤ ያ ከሆድ የሚመጣ የሚመስለውን፣ ባዶ እንጨት የተመታ ያህል የሚያስተጋባውን የአማፒያኖ ቤዝ። ሰዉ «ኡ!» ይላል። አማፒያኖ ስለሆነ አይደለም። ግማሾቹ ስሙንም አያውቁት። ትከሻቸው አስቀድሞ ምቱን ይዞት ስለነበር ነው።

ጎምንስ? አሁን አጫውተዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ላብ ሲያወጣ። እስካሁን ስፒከሩን የጠረጠረ የለም።

ከአማፒያኖ አብልጬ የምወዳቸው መሸጋገሪያዎች ደግሞ አሉኝ። ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ሬዩኒየን የምትባል ደሴት አለች፤ እስከዛሬም የፈረንሳይ ግዛት ናት። ፈረንሳዮች ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ ሰው በባርነት እያመጡ እርሻ ላይ አሠሩባት። የእነዚያ ሰዎች ሙዚቃ ማሎያ ይባላል። ለረጅም ዘመን በባለሥልጣናቱ ዓይን የተጠላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ዩኔስኮ መዘገበው። እና፣ ገምታችኋል፣ ስድስት ነው የሚቆጠረው። ካያምብ የሚሉት መሣሪያ አላቸው። ከሸንኮራ አገዳ አበባ ዘንግ የተሠራ ጠፍጣፋ ነገር ነው፣ ውስጡ ፍሬ አለ፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ወዲያ ወዲህ ሲሉት ወንፊት ነው የሚመስለው፣ ድምጹም እህል ሲነፋ ነው። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። የማሎያ ዘፋኙን ዳንዬል ዋሮን መጀመሪያ ስሰማ ከቋንቋው አንድ ቃል አልገባኝም፣ ግን ወጥ ቤት ውስጥ የነበረችው እናቴ ማጨብጨብ ጀመረች። አንድና አራት ላይ።

የማዳጋስካሩ ሳሌጊም በስድስት ነው የሚሄደው፣ እሱ ግን ፈጣን ነው፣ ጊታሩ ይሮጣል። ባለፈው አንድ የምርቃት ድግስ ላይ ለቀቅኩት። አንድ አዛውንት በትራቸውን ይዘው ወደኔ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ የበለሳ ነው የደምቢያ?»

«አባባ፣ የማዳጋስካር ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «በየት በኩል ነው?»

«ባሕር ላይ ነው፣ ደሴት ነው።»

«ከጎርጎራ ማዶ?»

«አዎ» አልኳቸው። «በጣም ማዶ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ተመልሰው ጨፈሩ። ያን ቀን ማይክ ላይ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ እንዳልናገር ወሰንኩ። «ይሄ ከሉዋንዳ ነው።» በቃ። በፊት አወራ ነበር፤ ዓመተ ምህረት፣ የክለብ ስም፣ ባርነት፣ ሁሉንም። ሰው ምግብ እየበላ ነው፣ ልጁ ተመርቆለታል፣ አንቺ ታሪክ ታስተምሪዋለሽ። የገባው ሰው በኋላ መጥቶ ይጠይቃል። ይጠይቃሉም።

ሌላው የተማርኩት ኒውዮርክ ውስጥ ካለው ከብሮንክስ ነው። ኩል ሄርክ የሚባለው ሰው ኪንግስተን ተወልዶ በልጅነቱ ኒውዮርክ የገባ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 1973፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እህቱ ያዘጋጀችው ድግስ ላይ አጫወተ፤ ሂፕ ሆፕ የተወለደው ያን ቀን ነው ይባላል። የሄርክ ብልሃት ቀላል ነው። ሰው የሚጠብቀው ዘፈኑን በሙሉ ሳይሆን ድምጻዊው ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ መሆኑን አየ። ያቺ ቦታ አጭር ናት። ስለዚህ የአንድን ዘፈን ሁለት ሸክላ ገዝቶ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየመለሰ አረዘማት።

እኛም እኮ እንደዚያው ነን። በድሮ ዘፈኖቻችን መጨረሻ ላይ ምቱ ይፈጥንና ድምጻዊው «እሰይ! እሰይ!» ማለት ብቻ ሲቀረው፣ ሰው ክብ ሠርቶ እስክስታ የሚወርድበት፣ ያ ቦታ አለ። እሱም አጭር ነው፤ ሰው ገና ሲሞቅ ካሴቱ ያልቃል። እኔ እሱን ቆርጬ፣ ደጋግሜ፣ አራትና አምስት ደቂቃ አደርሰዋለሁ። ላፕቶፔ ላይ «ጭራ» የሚል ፎልደር አለኝ፤ ከሰማንያ በላይ የዘፈን ጭራ አለበት። ዋናው ሀብቴ እሱ ነው።

ቅኝት ላይ ስመጣ ግን ሶፍትዌሩን ጨርሼ ትቼዋለሁ። እያንዳንዱን ዘፈን ሜጀር ወይ ማይነር ብሎ ቁጥር ይለጥፍለታል፣ ቁጥራቸው የሚቀራረበውን አገናኚ ይላል። ለሃውስ ይሠራል። ሙሉ ትዝታንም ሲያገኝ ብዙ አይሳሳትም። አንቺሆዬ ላይ ሲደርስ ይቀባጥራል፤ ያንኑ ዜማ ሁለት ሰዎች ቢዘፍኑት ለሁለቱ ሁለት የተለያየ መልስ ይሰጣል። አልፈርድበትም፣ አንቺሆዬ ለሱ አልተሠራም። ስለዚህ የዘፈኑ ስም ላይ በእጄ እጽፋለሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ትዝታ ከሆነ የአማፒያኖ ፒያኖ በላዩ ይቀመጣል፣ እንዲያውም ያምርበታል። አንቺሆዬ ከሆነ ፒያኖውን አላስጠጋም፣ ከበሮ ብቻ። ስሞክረው ሽሮ ላይ ስኳር ነው የሆነብኝ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ የኛን ቅኝት ከላቲን ምት ጋር አጋብቶ ሲቀርጽ ከዚሁ ጋር ሲታገል ነበር ብዬ አስባለሁ። የላቲኑ ምትም ራሱ ከአፍሪካ በመርከብ የሄደ ነው። (በነገራችን ላይ ጃንሆይ ኪንግስተን የገቡትም በዚያው ዓመት ነው። የማገናኘው ነገር የለም፣ እንዲሁ ደስ ስለሚለኝ ነው።)

የማልነካው ነገር አለ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል አልነካም። መንዙማም አልነካም። ጥምቀት ሲደርስ «ወረቡን ከሃውስ ጋር አድርጊልን» የሚል አይጠፋም፤ ድምጹ ከፋሲለደስ መዋኛ ድረስ እየመጣ ስለሆነ ፈተናው ይገባኛል። ምቱ ይገጥማል፣ እሱን አውቃለሁ። ባለቤት ያለው ነገር ነው፣ ባለቤቶቹም አልጠየቁኝም። በዚሁ አፌ አንድ የሚያናድደኝን ልጨምር፤ ኢንተርኔት ላይ «አፍሮ ሃውስ» ተብሎ የሚለቀቅ ሙዚቃ ውስጥ አንዳንዴ የኛ አገር ሴት ድምጽ እሰማለሁ፤ ከየት እንደተቆረጠ አይታወቅም፣ ስሟ የለም፣ እልል ስትል ብቻ ትሰማለች። ዘፈኑ ርዕሱ የአንድ ከተማ ስም ነው። እንዲህ ዓይነቱን አላጫውትም። ቢያስጨፍርም አላጫውትም። እኔው ራሴ ጭራ የምቆርጥ ሰው ሆኜ ይሄን ማለቴ ግብዝነት ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ የኔ ፎልደር ውስጥ የእያንዳንዱ ዘፋኝ ስም አለ፤ ዘፈኑም ከጭራው በፊት ይሰማል።

የት ነው የማጫውተው ላላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀን። በ2015 ክረምት፣ በኛ አቆጣጠር፣ አገሩ ሲታመስ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፣ ማታ መውጣትም ቀረ። ያ ጊዜ ብዙ ነገር ወሰደብን፤ የኔ ሙዚቃ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው። ግን ድግሱ ሁሉ ወደ ቀን ዞረ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይጀመራል፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሰው ልጁን ይሰበስባል። ክለብ ውስጥ ቢሆን ሃያ ዓመት የሞላቸው ልጆች ብቻ ነበሩ የሚያዩኝ። በቀን ግን አያቶች አሉ፣ ሕፃናት አሉ፣ ድስት የምታማስል አክስት አለች። በጨለማና በመብራት የሚደበቅ ነገር የለም። ኩዱሮ 140 ላይ ሲሮጥ የስድስት ዓመት ልጆች እንደሚያብዱለት በሌሊት ሥራ መቼም አላውቅም ነበር። አዲስ ዘፈን ደግሞ በፍላሽ ነበር የሚገባልኝ፤ አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሁሉ ኪሱ ይፈተሻል። ፍላሽ ሲመጣ ምርጫ የለም፣ የመጣውን ሁሉ መስማት ነው። ሳውንድክላውድ ላይ ሆኜ ቢሆን በአሥር ሰከንድ የማልፈውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ማሎያም የመጣችው በአንዱ ፍላሽ ነው፤ ማን እንደጫናት አላውቅም፣ የፎልደሩ ስም «ልዩ ልዩ» ነበር።

ዕቃዬ ብዙ አይደለም። ሁለት ቻናል ያለው ያገለገለ ኮንትሮለር (ዘፈን ማቀላቀያ)፣ አንድ ቁልፉ የሚጣበቅ ላፕቶፕ፣ ሄድፎን። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ከበሮ የሚመታልኝ የአክስቴ ልጅ አለ፤ ስድስቱን ይዞ ይጠብቀኛል፣ ስመለስ እዚያው ላይ እገባለሁ። እሱንም ከዕቃ ከቆጠራችሁት።

አሁን የምፈልገው አዲስ ዘፈን አይደለም። ካሴት ነው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ፣ በኛ አቆጣጠር፣ ጎንደር ዙሪያ ሰርግ ላይ በቴፕ የተቀረጹ መሲንቆና ጭብጨባ ያለባቸው ካሴቶች በየሰዉ ቤት ቁምሳጥን ላይ እንዳሉ አውቃለሁ። የሰርግ አጨብጫቢዎች ያለ ዘፋኝ ብቻቸውን የሚቀሩበት ቦታ ካለባቸው ደግሞ በጣም ጥሩ። ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። ቴፑ ቢላቀቅም ችግር የለም፣ በእስክሪብቶ እጠቀልለዋለሁ። ገልብጬ ካሴቱንና ፍላሹን አብሬ እመልሳለሁ። የዘፋኙን፣ ካልታወቀም የሙሽሮቹን ስም ካሴቱ ላይ ጻፉልኝ።